እጅ ያለበት

ዶሮ ማነቂያ ታች፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣
ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባበት ጠባብ በር ነበረ፤
ጋሽ ሐብተየስ እዚያ ውስጥ
ለከረንቡላ ቤቶች ስቴካ እየላገ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ፣ ሰጋቱራ ሻዩ ላይ፤
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባንዱ ያነጣጥራል እንጨቱን ወደ ሰማይ።
በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ጆሮው ላይ ያስጠጋል፤
«ይኼ ገና እርጥብ ነው፣ ወሬውን አልጨረሰም» ይላል፤
መልሶ ከጣሪያው ይሰቅለዋል።
አንድ ክረምት ያልፋል፣ ሌላም ክረምት ያልፋል።
ደንበኛው ይሳደባል፣ ይምላል፣ ይመለሳል።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ኳስ ደርዳሪ ነበርኩ፤
ከሲኒማ ቤቱ አጥር ላይ ወድቄ ቀኝ ክንዴን ሰበርኩ።
ወጌሻ አሰረው፤ ተጣሞ ገጠመ።
ከዚያ ወዲያ የመታሁት ሁሉ
ወደ ግራ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ አዘመመ።

ጋሽ ሐብተየስ ሲባጎ አወጣ፤
ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አውራ ጣት
እየቋጠረ ለካኝ፣ ቃል ሳይናገር፣ እስኪመጣ ምሽት።
አምስት ወር ጠፋ።
ሲመጣ የያዘው ስቴካ እግሩ ከበድ ያለ፣
ወገቡ ላይ ዓይን የማያያት፣ አውራ ጣት ብቻ የሚያውቃት
አንዲት እብጠት ያለው።
«ክንድህ እንደሁ አይቀና» አለኝ፣
«እንጨቱን ላንተ ብዬ ትንሽ አስነከስኩት።»

አሁን ይትባረክ፣ የእህቱ ልጅ፣
ሜክሲኮ አጠገብ፣ ከመስታወት ሕንፃ ሥር ማሽን ተክሏል።
ቁልፍ ይጫናል፤ ስለቱ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይዞራል፤
ሻዩ ሳይበርድ አሥራ ሁለት ስቴካ ተሰልፎ ይቆማል፤
መንታ ናቸው፤ እናት ቢኖራቸው ማንን ከማን ትለያለች?
ቅንድቡ ንጹሕ። ሸሚዙ ነጭ።
አጎቱን ጠራው፤ አክብሮ፣ ወንበር ስቦ፤
እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ሽማግሌው አንዱን አንስቶ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አንከባለለው።
እንደ ውሃ ሄደ።
ደገመው። ሠለሰው።
«ቀና» አለ።
እንጨቱ ይሁን ልቡ የቀናው፣ እኔ አልጠየቅሁ፤
ይትባረክም አልጠየቀ።

ዋጋውን ሰማና ሳቀ፤ «በዚህ ሒሳብ እኔ ኮላ አልገዛም!»
ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ይዳስስ ጀመር፣
ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ምን ጠፋብህ ጋሼ?»
«የሳተበትን ቦታ።
ሠሪ የሚታወቀው በሳተበት ነው፤
የዚህን ሰውዬ አጣሁት።»

ያን ዓመት ጠባቡ በር ከነሰፈሩ ፈረሰ።
ዶዘሩ ሳይደርስ ከጣሪያው ያወረደው እንጨት
ስልሳ አንድ ነበር፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት።
ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ከማድ ቤቱ ኮርኒስ ሥር ተሰቅሏል፤
ጎረቤት በመላጊያው ድምፅ ይከሰዋል፤
እሱ ግን አሁንም በጥፍሩ ጠቅ ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣
«ገና ነው» ይላል።

አልዋሽም፤ ከይትባረክም ገዝቻለሁ።
ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ በሱ ብዙ ጊዜ እረታለሁ።
ስስት ግን ብቻዬን እስታለሁ፤
ስቴካው ንጹሕ ነው፣
የማንም እጅ የለበትም።
በዚያኛው ግን እጅ አለበት፣
ጥፋቴ ለሁለት ይከፈልበታል።

ትናንት ማታ ካዛንቺስ፣ በመጨረሻዋ ኳስ፣
አሮጌውን ይዤ ነበር፤ አውራ ጣቴ እብጠቷን አገኘ።
መታሁ። ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ፣ ትንሽ አስባ፣
ወደ ግራ ዞር አለች።
«ሐብተየስ!» ብዬ ጮህኩ።
ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
ኳስ ደርዳሪው ልጅ፣ «ማነው እሱ?» አለኝ።
ጠመኔውን ጫፉ ላይ እያሸሁ፣
«ይቺን የሳታት» አልኩት።